ፋይል የማጥፋት ሥልጣን የማን ነው?

ፋይል ሲንክ የሚያደርግ፣ ማለትም በተለያዩ መሣሪያዎች ላይ ያለን ፋይል አንድ ዓይነት አድርጎ የሚይዝ ሶፍትዌር መጫን እዳው ገብስ ነው። ታወርዳላችሁ፣ ትከፍታላችሁ፣ ስልካችሁን ከላፕቶፓችሁ ጋር ታስተዋውቃላችሁ፣ አለቀ። ስልክ ላይ የጻፋችሁት ማስታወሻ ላፕቶፑ ላይ ብቅ ሲል ደስ ይላል።

ጣጣው የሚጀምረው ቆይቶ ነው። አንድ ፋይል ሁለት ሆኖ ይገኛል። ከስልክ የጠፋ ፎቶ ከኮምፒውተሩም ደብዛው ይጠፋል። አንዱ መሣሪያ ሁሉም ነገር እኩል ነው ሲል ሌላው አንድ ፋይል ይቀረኛል እያለ ይነዘንዛል። ያኔ ብዙ ሰው ሶፍትዌሩን ይረግምና ወደ ፍላሹ ይመለሳል። ወይም ለራሱ በኢሜይል ፋይል መላክ ይጀምራል። (ይህን የምታደርጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድም።)

እኔ የምጠቀመው ሲንክቲንግን ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አካባቢ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው። እንደ ድሮፕቦክስ ወይም ጉግል ድራይቭ መሃል ላይ ፋይላችሁን የሚያስቀምጥ ኩባንያ የለም። መሣሪያዎቻችሁ እርስ በርስ በቀጥታ ይነጋገራሉ። አራት መሣሪያ አገናኝቼበታለሁ፦ የጠረጴዛ ኮምፒውተር፣ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ እና ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀን ከሌት የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ። የዚህ የመጨረሻው ስክሪን ተሰንጥቋል፣ ባትሪውም ከሞተ ቆይቷል። ግን ከሁሉም የሚጠቅመኝ እሱ ነው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ይህን ሁሉ ስንከባከብ ቆይቼ የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው። ሲንክ ከቴክኒክ ጉዳይነቱ በፊት የሥልጣን ጉዳይ ነው። አዲስ ፋይል የትኛው መሣሪያ ይፍጠር? የትኛው ያስተካክል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የትኛው ያጥፋ? ይህን ሳትወስኑ ከገባችሁበት ሶፍትዌሩ ይወስንላችኋል። የእሱ ውሳኔ ደግሞ ቀላል ነው፤ ለሁሉም እኩል ሥልጣን ይሰጣል። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ ሕፃን ልጅ የሚነካካው ስልክ፣ የዓመታት ሰነድ ካለበት ኮምፒውተር ጋር እኩል ድምፅ ያገኛል።

የማጥፋት ነገር ለምን እንደሚከብድ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ላፕቶፑ ላይ አንድ ፋይል አለ። ስልኩ ላይ የለም። ምን ማለት ነው? ስልኩ ላይ ነበረና አጠፋሁት? ወይስ ገና አልደረሰም? ሁለቱን ፎልደሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ብታፈጡባቸው መልሱን አታገኙትም። ቀደም ሲል የሆነውን የሚያስታውስ አካል ያስፈልጋል።

አንጋፋው የፋይል መቅጃ ፕሮግራም አርሲንክ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ይህን ጥያቄ ለሰው ትቶታል። ከየት ወደ የት እንደሚቀዳ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው አጥፋ ካላላችሁት በስተቀር አያጠፋም። ከሥራው በኋላ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ለአንድ አቅጣጫ ቅጂ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ማግኘት ይከብዳል። ወዲህም ወዲያም የሚቀያየር ፎልደር ሲሆን ግን ይቸገራል።

ሲንክቲንግ መዝገብ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ፋይል፣ ማን ከማን በኋላ እንደለወጠው የሚያሳውቅ ቆጣሪ አለው። ፋይል ስታጠፉ መዝገቡ ላይ ያለው መስመር ወዲያው አይፋቅም። "ይህ ጠፍቷል" የሚል ምልክት ይደረግበታል። ያ ምልክት እንደማንኛውም ለውጥ ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይጓዛል፣ እነሱም ትእዛዙን ይፈጽማሉ። ማጥፋት ማለት ለሱ አንድ የማስተካከያ ዓይነት ነው። እናንተ "ቦታ ላስለቅቅ" ብላችሁ ይሁን "ይህ ፋይል ከዓለም ይጥፋ" ብላችሁ፣ መዝገቡ ላይ የሚገባው ያው ነው።

መዝገቡ ራሱ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው የሲንክቲንግ ስሪት 2.0 መዝገቡን ኤስኪውላይት ወደሚባል የዳታቤዝ ዓይነት አዛወረው። በዚያው የጠፉ ፋይሎችን ምልክት ለዘላለም መያዝ ቀረ። ከ15 ወር በኋላ ይረሳቸዋል። ለብዙዎቻችን ይህ ምንም አይደለም። ግን መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ላፕቶፕ ካላችሁ ልብ በሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብታበሩት፣ ድሮ ያጠፋችኋቸውን ፋይሎች "እነዚህ እኮ እናንተ ጋ የሉም" ብሎ ሊያመጣላችሁ ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። እሱ በሚያውቀው ልክ ትክክል ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲገጥመኝ ሳልከፍተው በፊት ከሌሎቹ ላይ አስወጣዋለሁ፣ ከዚያ ፎልደሩን ከአፑ አንስቼ፣ አሮጌ ፋይሎቹን አጽድቼ፣ እንደ አዲስ አስገባዋለሁ።

አሁን ወደ ሥልጣን ክፍፍሉ ልምጣ። ሲንክቲንግ ለእያንዳንዱ ፎልደር፣ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ፣ ዓይነት ምረጡ ይላችኋል። መላክም መቀበልም፣ መላክ ብቻ፣ መቀበል ብቻ፣ እና ተመስጥሮ መቀበል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን እንዳለ ትቶት ያልፋል። እኔ ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ማስታወሻዎቼ የትም ቦታ ይጻፋሉ፣ ስለዚህ የትም ቦታ መላክም መቀበልም ይችላሉ። እነሱ ላይ ምንም ፍልስፍና የለም።

የሰነዶች ፎልደር ሌላ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሙሉ ሥልጣን አላቸው። ስልኩ መቀበል ብቻ ነው። ስልክ ላይ ሰነድ አነባለሁ እንጂ አላርምም። በእጄ ተንሸራትቶ አንድ ፋይል ባጠፋ፣ ስልኩ "እዚህ ብቻ የተደረገ ለውጥ አለ" ብሎ ያሳየኛል እንጂ ለማንም አይናገርም። አንድ ቁልፍ ስነካ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።

ፎቶ ላይ ነው ነገር የሚወሳሰበው። ስልኩ ላይ የካሜራውን ፎልደር መላክ ብቻ አድርጌዋለሁ። ስሙ ያዘናጋል። መላክ ብቻ ሲባል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የማደርገው ነገር ስልኩን አይነካውም ማለት ነው። ስልኩ ላይ የማደርገው ግን በሙሉ ይላካል፣ ማጥፋቴም ጭምር። ሰው ደግሞ ፎቶ ከስልኩ የሚያጠፋው መቼ ነው? ሜሞሪ ሲሞላ። ለምንስ ያጠፋል? "ኮምፒውተር ላይ አለኝ" ብሎ። ስልኩ ያንን በታማኝነት ለኮምፒውተሩ ያስተላልፋል፣ ኮምፒውተሩም በታማኝነት ያጠፋል። ጉድ ፈላ።

ማጥፋትን ችላ በል የሚል አማራጭ በላቁ ሴቲንጎች ውስጥ አለ። አልወደውም። መሣሪያዎቹ ለዘላለም እኩል አይሆኑም፣ የትኛው ልዩነት የታሰበ የትኛው ችግር እንደሆነ መለየት ያቅታል። እኔ የማደርገው ከዚህ ይቀላል። የስልኩ ፎልደር አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሲደርስ፣ ፎቶዎቹ ሲንክ ወደማይደረግ ሌላ ፎልደር ኮፒ ይደረጋሉ። በዓመትና በወር ተከፋፍለው እዚያ ይቀመጣሉ። ሲንክ የሚደረገው ፎልደር መተላለፊያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ያሻኝን ባጠፋ ግድ የለኝም፣ ማከማቻው ላይ ሥልጣን የለውምና።

በተጨማሪ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ የቀድሞ ቅጂዎችን ማስቀመጫውን አብርቼዋለሁ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እኔ የመረጥኩት ደረጃ በደረጃ የሚያሳሳውን ነው። ለመጀመሪያው ሰዓት በየ30 ሰከንዱ አንድ ቅጂ፣ ለመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ፣ ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያ እስከ ወሰናችሁት ገደብ በየሳምንቱ አንድ ያስቀራል። በጣም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር እወቁ። ቅጂ የሚቀመጠው ለውጡ ከሌላ መሣሪያ ሲመጣ ብቻ ነው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላችሁ ያጠፋችሁትን ፋይል እዚያው አታገኙትም። ቅጂው ያለው የማጥፊያው ትእዛዝ የደረሰው መሣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ማስቀመጫ ቀኑን ሙሉ በምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማብራት ብዙም አይረዳችሁም። ማንም በማይነካው መሣሪያ ላይ አብሩት።

አሮጌው ላፕቶፕ የሚጠቅመኝ ለዚህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። መሃል ላይ ሰርቨር ስለሌለ ሁለት መሣሪያዎች እኩል በርተው መገናኘት አለባቸው። ማታ ስልክ ላይ የጻፍኩት፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ፣ ወዴት ይሄዳል? ሁሌም የሚበራ አንድ መሣሪያ ካለ እሱ ተቀብሎ ያቆያል። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተርም ትሆናለች፣ ማንኛውም ብዙ ኃይል የማይበላ ነገር ይሆናል። ሁለት መሣሪያ ብቻ ኖሯችሁ "አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" የምትሉ ሰዎች፣ ችግራችሁ ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው።

መተዋወቁ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከራሱ ዲጂታል ሰርተፊኬት የወጣ 56 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። ስልክ ላይ ከሆናችሁ በኪውአር ኮድ ታነቡታላችሁ። ሁለቱም ወገን እሺ ካላሉ ግንኙነት የለም። በቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ በጎ ፈቃደኞች በሚያሠሯቸው መተላለፊያ ሰርቨሮች በኩል ያልፋሉ። እዚያ የሚያልፈው ዳታ የተመሰጠረ ስለሆነ ባለ ሰርቨሩ ሊያነበው አይችልም። ግን ይዘገያል። ቤት ውስጥ ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው በመተላለፊያ እየሄዱ ካያችሁ፣ ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ መንገድ ዘግቷል ማለት ነው።

ሥልጣን ብታከፋፍሉም ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ እኩል የሚጽፍበት ጊዜ ይመጣል። ሁለቱ "ሰዎች" እናንተው ራሳችሁ ናችሁ፣ አንዱ በስልክ ሌላው በላፕቶፕ። ሲንክቲንግ እዚህ ላይ አንዱን አይጥልም። የኋላ ሰዓት ያለበት ፋይል ስሙን ይዞ ይቀጥላል። የቀደመው ስም ላይ "ሲንክ ኮንፍሊክት" (የሲንክ ግጭት) የሚል፣ ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም የለወጠው መሣሪያ መለያ ይጨመርበታል። ያም እንደማንኛውም ፋይል ለሁሉም ይደርሳል።

አንዱን በቅርብ እንየው። የፓስወርድ መያዣ እጠቀማለሁ፣ ኪፓስኤክስሲ። ሁሉም ነገር አንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ከኢንተርኔት ውጪ ሆኖ እዚያ አንድ ፓስወርድ ቀየርኩ እንበል። በዚያው ሰዓት ስልኩ ላይ አዲስ አካውንት መዘገብኩ። ሲገናኙ ፎልደሩ ውስጥ ሁለት ፋይል አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ አንዱን ያጠፋል። አታጥፉ። ዋናውን ፋይል ክፈቱ፣ ከዳታቤዝ ሜኑው ላይ ሌላ ዳታቤዝ አዋህድ የሚለውን ምረጡ፣ የኮንፍሊክቱን ፋይል አሳዩት። ፕሮግራሙ መዝገብ በመዝገብ እያየ ያዋህዳል። ስልኩ ላይ የተጨመረው አካውንት ይገባል፣ ላፕቶፑ ላይ የተቀየረው ፓስወርድም ይቆያል። አንድ ሁለቱን ፈትሹ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ የኮንፍሊክቱን ፋይል አጥፉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ለተራ ጽሑፍም ሁለት ፋይል ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ፕሮግራም አለ። ለወርድና ለኤክሴል ፋይል ግን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው፣ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ ሰዓታችሁን ፈትሹ። ማን ስሙን ይዞ እንደሚቀጥል የሚወሰነው በፋይሉ ሰዓት ነው። ሰዓቱ የተዛባ መሣሪያ ያለ አግባብ ያሸንፋል።

ብዙ የእንግሊዝኛ መመሪያ የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ አለ። በፊደላችን የፋይል ስም የምትጽፉ ከሆነ፣ ሊኑክስ ላይ አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ነው። ስለዚህ ጣሪያው 85 ፊደል ነው፣ ቅጥያውን (መጨረሻ ላይ ከነጥብ በኋላ የሚመጣውን) ሳይጨምር እንኳ። ዊንዶውስ ደግሞ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነው፣ 255 ፊደል ይፈቅድላችኋል። ዊንዶውስ ላይ "የስብሰባ ቃለ ጉባኤ" ብላችሁ ጀምራችሁ፣ ቀኑን፣ የተሰብሳቢዎቹን ክፍል፣ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ የታረመ"፣ "አሁንስ በእውነት የመጨረሻ" እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ፋይሉ ሊኑክስ ላይ አልገባም ይላል፣ ስልክም ላይ ያው። የኮንፍሊክት ምልክቱ ሲጨመር ደግሞ ወደ 38 ባይት ይበላል። ስም ስታወጡ አሳጥሩ። ጥያቄ ምልክትና የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ከስም ላይ አውጡ፣ ዊንዶውስ አይቀበላቸውም። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልን ይለያል፣ ዊንዶውስና ማክ በአብዛኛው አይለዩም፣ ይህም ያጣላል። በ"ሀ" እና በ"ሐ" የጻፋችሁት ስም ግን ለሁሉም ሁለት የተለያየ ፋይል ነው።

አንዳንድ ነገር ጭራሽ ሲንክ ባይደረግ ይሻላል። የብሮውዘር ፕሮፋይል፣ ክፍት ሆኖ እየሠራ ያለ ዳታቤዝ፣ የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም) ማከማቻ። እነዚህ ብዙ ፋይሎች አብረው ሲንቀሳቀሱ ብቻ ትርጉም የሚሰጡ ናቸው። ግማሹ ደርሶ ግማሹ ሳይደርስ ሌላው ኮምፒውተር ከከፈታቸው ይበላሻሉ። ኦፊስ ፋይል ስትከፍቱ የሚፈጠሩትን ጊዜያዊ ፋይሎችም ሲንክቲንግ እንዲያልፋቸው በምትነግሩበት የችላ ማለቻ ዝርዝር ውስጥ ክተቱ። ዝርዝሩ ራሱ ግን ወደ ሌላ መሣሪያ አይሄድም። በየመሣሪያው ላይ መጻፍ አለባችሁ። ወይም ዝርዝሩን በተራ ፋይል ጽፋችሁ ሲንክ አድርጉት፣ ከዚያ በየመሣሪያው ላይ "ያንን አንብብ" በሉ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ስልክ ላይ የባትሪ ቁጠባውን ለዚህ አፕ ካላነሳችሁለት አንድሮይድ ከጀርባ ይዘጋዋል። እኔ በዋይፋይ ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ኦፊሴላዊው የአንድሮይድ አፕ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቆሟል። አሁን ሰው የሚጠቀመው ሲንክቲንግ ፎርክ የሚባለውን ነው። አይፎን ላይ ሲስተሙ ራሱ ከጀርባ መሥራትን ስለሚገድብ ብዙ አትጠብቁ።

ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ፎልደር ሲንክ የምታደርጉ ካላችሁ፣ ውስጡ የተደበቀች ትንሽ ምልክት ፎልደር ታያላችሁ። የማትረባ ትመስላለች። አታጥፏት። ዲስኩ ሲነቀል ፎልደሩ ባዶ ይመስላል፣ ባዶ መሆኑም "ሁሉም ጠፋ" ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ምልክቷ ከሌለች ሲንክቲንግ ነገሩን ጠርጥሮ ይቆማል፣ ምንም አይልክም። ቆሞ ስታገኙት ዲስኩን መልሳችሁ ሰኩ። ዲስኩ በቦታው መኖሩን ሳታዩ ምልክቷን በእጃችሁ ፈጥራችሁ እንዳትሸኙት።

ሲንክ ባካፕ አይደለም የሚለውን ሺ ጊዜ ሰምታችኋል። አልደግመውም። ምክንያቱን ብቻ ልበል። ባካፕ የሚባለው ነገር እናንተ ዛሬ የምታዙትን የማይሰማ ነው። ሲንክ የተሠራው ደግሞ ሊሰማችሁ ነው። ፋይሎቻችሁን የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ፣ ሲንክ የተቆለፉትን ፋይሎች በፍጥነት ለሁሉም ያደርሳል። ስለዚህ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ከሲንኩ ተለይቶ ሬስቲክ የሚባል የባካፕ ፕሮግራም በየሌሊቱ ባካፕ ይወስዳል። ባካፑ ያለበት ዲስክ ሲንክ በሚደረግ በየትኛውም ፎልደር ውስጥ የለም፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች መኖሩንም አያውቁም። አንድ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ተመስጥሮ መቀበል በሚለው ዓይነት የሰነዶቼ ቅጂ አለ። ፋይሉን ይይዝልኛል፣ ስሙን እንኳ ማንበብ አይችልም። ይህ ግን አሁንም ሲንክ ነው፤ እኔ ያጠፋሁትን እሱም ያጠፋል።

ስልክ ስትቀይሩ ይህን አስታውሱ። የድሮውን ስልክ ለሰው ልትሰጡ ፋይሎቹን በፋይል ማናጀር አንድ በአንድ ብታጸዱ፣ አፑ ከጀርባ እየሠራ ከሆነ፣ ማጽዳታችሁ ወደ ሁሉም ይሄዳል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ሂዱና ስልኩን ከመሣሪያዎች ዝርዝር አስወጡት። ከዚያ ስልኩ ላይ ፎልደሩን ከአፑ ውስጥ አንሱት፤ ከአፑ ማንሳት ፋይሎቹን አያጠፋም። ከዚያ እንደፈለጋችሁ አጽዱ። ስልኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ብትመልሱት ግን አፑም አብሮ ስለሚጠፋ ለማንም የሚናገረው የለም። ኮምፒውተሩ ስልኩን "አልተገናኘም" እያለ ያሳያችኋል፣ ስትፈልጉ ታስወጡታላችሁ።